«እኛ» ማለቱን ተው፤ አንተ ምን ሠራህ?

ብሩክ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ብሩክ ነኝ፣ ሄለን አጠገቤ አለች፣ ቡናውም አለ። የዛሬው ወሬያችን የሥራ ኢንተርቪው ነው። ገና ስሙን ስጠራው እጄን አላበኝ።

ሄለን፦ አንተ እኮ ሥራ ከያዝክ አራት ዓመት አለፈህ።

ብሩክ፦ እጄ አልሰማማ! (ሳቅ) የመጀመሪያዬን ልንገርሽ። አንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ ስሙ ይቅር፤ ሰባተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ። ወንበሩ ሦስት፣ እኛ አሥራ አንድ። ሁላችንም የላስቲክ ፋይላችንን ታቅፈናል፤ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ ዋናውና ኮፒው። አጠገቤ ያለው ልጅ በየደቂቃው ይገልጠዋል፣ ዲግሪው በሮ የሚሄድ ይመስል። የኔ ፋይል ላይ ደግሞ የአውራ ጣቴ ላብ ማህተም ሠርቷል። ስሜ ተጠራ፣ ገባሁ፣ አምስት ሰው ተደርድሯል። «ቴል አስ አባውት ዩርሰልፍ።» ስሜን፣ የተወለድኩበትን፣ የተማርኩበትን ተናገርኩና አለቀብኝ። ሃያ ሰከንድ አይሞላም። እኔም ዝም፣ እነሱም ዝም።

ሄለን፦ አንገትህን ደፍተህ።

ብሩክ፦ አንገቴን ደፍቼ! እኛ ቤት እኮ ሲያመሰግኑህ «አንገቱን የደፋ ልጅ» ነው የሚሉህ። ዕድሜ ልክሽን ትልቅ ሰው ፊት ዓይን ዓይን እያዩ አይወራም ተብለሽ ታድጊና፣ አንድ ቀን ጠዋት አምስት ትልልቅ ሰዎች ፊት ተቀምጠሽ «እኔ ጎበዝ ነኝ» በይ ትባያለሽ።

ሄለን፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ጎበዝ ነኝ በል ያለህ የለም፤ ምን ሠራህ ነው ያሉህ። አናጺ ቤትህ ስትጠራ «እኔን የሚያህል አናጺ የለም» ቢልህ ትጠራጠረዋለህ። «የጎረቤትህን ቁም ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ግባና እየው» ቢልህ ግን ያን ጊዜውኑ ቀብድ ትሰጠዋለህ። የመጀመሪያው ጉራ ነው፣ ሁለተኛው ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ብሩክ፦ እማዬም ይህንኑ ነው ያለችኝ፣ በሌላ መንገድ። ለሁለተኛው ኢንተርቪው ዋዜማ ቡና እያፈላች «እስቲ እኔ ልጠይቅህ» አለች። በአቦሉ ዝም ብላ አስለፈለፈችኝ። የምረቃ ፕሮጀክታችንን ነገርኳት፤ «እንዲህ አደረግን፣ እንዲህ አጠናን፣ ዳታ ሰበሰብን»። በቶናው ላይ አቋረጠችኝ። «አንተ ልጅ፣ እኛ እኛ ትላለህ፤ ሌሎቹም አብረውህ ሊቀጠሩ ነው እንዴ?»

ሄለን፦ (ሳቅ) እናትህን ሠራተኛ ቅጥር ክፍል ማስገባት ነበር!

ብሩክ፦ አራት ነበርን። ስታስጨንቀኝ ለካ የኔ ድርሻ መርካቶ ወርጄ ሱቅ ለሱቅ መጠየቁ ነበር። ነጋዴ ደግሞ ሥራ ላይ መጠይቅ ሙላልኝ ስትይው ያባርርሻል። ስለዚህ ወረቀቱን ትቼ ሱቅ ሳይሞቅ በጠዋት እየሄድኩ፣ ዕቃ ሲደረድሩ እያገዝኩ ነበር የምጠይቃቸው። ይህን ለሰው ነግሬው አላውቅም ነበር። ሥራ መሆኑንም አላውቅም ነበር።

ሄለን፦ እሱ ነው ኢንተርቪው ላይ የሚወራው። አሁን ወዲያ ማዶ ሆኜ ልንገርህ። መሥሪያ ቤታችን ሂሳብ ሠራተኛ ሲቀጥር ከፈታኞቹ ጋር እቀመጣለሁ። ፊታችን ላይ የነጥብ ወረቀት አለ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቁጥር እንሞላለን። ተወዳዳሪው እያወራ እኔ ካቀረቀርኩ የሚለውን እየጻፍኩለት ነው።

ብሩክ፦ እኔ ንቀውኝ መስሎኝ! እኔ ሳወራ አንዱ ሰውዬ ቀና አላለም እኮ።

ሄለን፦ ምናልባት ጥሩ ነጥብ እየሰጠህ ነበር፣ አንተ ግን ፊቱን አይተህ ድምፅህን ዋጥከው። ደግሞ እኛም እንፈራለን። የተሳሳተ ሰው ብንመርጥ ነገ «ማነው ይሄን ያመጣው» የምንባለው እኛ ነን። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ላይ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ የተፈቀደው ለዚህ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ጨዋታ ሰው እንደማይታወቅ ሁሉም ያውቃል።

ብሩክ፦ እንግሊዝኛውስ? ሥራው በአማርኛ፣ ደንበኛው በአማርኛ፣ ኢንተርቪው ሲሆን ግን ሁሉም ፈረንጅ ይሆናል።

ሄለን፦ እኔ የምለው ይህን ነው፤ መልሱን በአማርኛ አስበህ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ልትፈልግ ስትሄድ ነው መሀል ላይ የምትጠፋው። ሁለት ሦስት የራስህን ወሬ፣ ያንን የመርካቶውን ዓይነት፣ እቤት ሆነህ ጮክ ብለህ በእንግሊዝኛ አውራው። በልብህ ስታነበው ሁሌም ያምራል፤ አፍህ ሲለው ነው የት ላይ እንደሚያንቅህ የምታውቀው። ያም ሆኖ ከጠፋብህ «በአማርኛ ላስረዳ?» ብለህ ጠይቅ። አንዳንዱ አይሆንም ይልሃል፤ እኛ ጋ ግን ስለጠየቀ ነጥብ የተቀነሰበት ሰው አላየሁም።

ብሩክ፦ አንቺን ያስደነገጠሽ ጥያቄ የለም?

ሄለን፦ አለ እንጂ። የመጀመሪያ ሥራዬን ስፈልግ፣ አንድ ሰውዬ «አግብተሻል? ልጅስ አስበሻል?» አለኝ። ሳቅኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፣ 30 ከመውለድ በፊት፣ 90 ከወለዱ በኋላ፣ ደመወዝ እየተከፈለ። እሱ ያንን 120 ቀን እያሰላ ነበር። ዛሬ ብጠየቅ «ሥራውን በተመለከተ የፈለጉትን ይጠይቁኝ» ብዬ አፌን እዘጋለሁ። ሥራው ሊቀርብኝ ይችላል፣ አውቃለሁ። ግን እየሳቅኩ አልወጣም።

ብሩክ፦ ... ደመወዙስ? ማስታወቂያው ላይ «በስምምነት» ይላል፣ ከዚያ ገብተሽ «ስንት ትፈልጊያለሽ» ትባያለሽ።

ሄለን፦ ሳትጠይቅ አትግባ። እዚያው ዓይነት ሥራ ላይ ያለ ሰው ፈልገህ ስንት እንደሚከፈለው ስማ። ከዚያ ቁጥሩን ስትጠራ ጥቅሉን ይሁን የተጣራውን ለይተህ ተናገር። ከጥቅሉ ላይ የሚቆረጥ የሥራ ግብር አለ፣ 7 በመቶ ጡረታም አለ። ሰው የተጣራ መስሎት ጥቅሉን ይስማማና በወሩ መጨረሻ ይደነግጣል።

ብሩክ፦ አንድ አድማጭ የላከልንን ላንሳ፤ «ሰው ከሌለህ ምን ዋጋ አለው?» ይላል።

ሄለን፦ አልዋሽም፣ ቦታው አስቀድሞ የተያዘበት ኢንተርቪው አለ። ግን የትኛው እንደሆነ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለህ አታውቅም። ተይዟል ብለህ ተስፋ ቆርጠህ ስትገባ ያልተያዘውንም ታስይዘዋለህ።

ብሩክ፦ እኔ ሁለተኛው ላይ እንዲሁ ነበር ያሰብኩት። ከፊቴ የወጣው ልጅ ከአንዱ ፈታኝ ጋር እየተሳሳቀ ነው የወጣው። አበቃ አልኩ። ግን የመርካቶውን ወሬ ስጀምር አንዷ ሴትዮ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ዕቃ ታወርድላቸው ነበር?» አለችኝ። «አዎ፣ ጣቃ ጨርቅም ተሸክሜያለሁ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ላቡን ረሳሁት።

ሄለን፦ አለፍክ?

ብሩክ፦ በአሥራ አምስት ቀኑ ደወሉ። አሁን ያለሁበት ነው።

ሄለን፦ እማማስ ምን አሉ?

ብሩክ፦ እልል አለች፣ ከዚያ ፊቷን አጨማደደችና «ለነገሩ እኔ ብሆን አልቀጥርህም ነበር፤ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ትጎብጣለህ» አለች። ይኸው አሁንም ጎብጫለሁ። ቡናሽ ቀዘቀዘ፣ ጠጪ።