ትብብር እንጂ ጥቅለላ አንፈልግም

የተከበራችሁ የዕቃ ማድረስ ሥራ ባለቤቶችና የሙያ ባልደረቦቼ፣

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የትብብር ጥቅም ነው። ጥቅሙን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንዱ በማይደርስበት አካባቢ ሌላው ያደርስለታል፣ ባዶውን ይመለስ የነበረውም መኪና ጭኖ ይመለሳል። እኔ የመጣሁት ትብብርን ከጥቅለላ፣ ማለትም የሁሉንም ሥራ በአንድ ድርጅት እጅ ከማስገባት፣ ለመለየት ነው።

«ሁላችሁንም በአንድ መተግበሪያ አገናኛችኋለሁ» ያለንን ድርጅት ታስታውሳላችሁ። በመጀመሪያ የጠየቀን የደንበኞቻችንን ስምና አድራሻ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ዋጋውን ራሱ ተመነ፤ ከዚያ ለዓመታት ያገለገልናቸው ነጋዴዎች ለእሱ መደወል ጀመሩ፣ እኛም በገዛ ደንበኞቻችን ደጅ የሌላ ሰው ተላላኪ ሆነን ቆምን። እሽግ ሲሰበርስ ካሣውን የከፈለው ማን ነበር? እኛው ነን! ድርጅቱ ትርፉን እንጂ ኪሣራውን አላማከለም።

ያለ አንድ ጌታ መተባበር አይቻልም የሚሉን ሰዎች የፖስታን ታሪክ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1874 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ በተደረገው ስምምነት 22 አገሮች የፖስታ ኅብረት ሲመሠርቱ ፖስታ ቤቱን ለሌላው ያስረከበ አልነበረም። እያንዳንዱ የሰበሰበውን የቴምብር ገንዘብ ለራሱ እያስቀረ የሌላውን ደብዳቤ እንደ ራሱ ሊያደርስ ተስማማ፤ ደብዳቤ መልስ ያስከትላል ተብሎ ታስቦ ነበርና። የሚላከውና የሚገባው አልመጣጠን ሲል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ልዩነቱ በክፍያ እንዲካካስ ተደረገ። በአደራ ደብዳቤ ላይ የሚለጠፈውን በፊደላትና በአሃዞች የተሠራ ባለ 13 ምልክት መለያ ያየ ሰውም የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት የላኪውን አገር እንደሚናገሩ ያውቃል፤ ዕቃው ከማን እንደመጣ ለማወቅ የሁሉንም መዝገብ የያዘ ማእከል አያስፈልግም።

እኛም የሚያስፈልገን ይኸው ነው። እሽጉ ከላኪ እስከ ተቀባይ አንድ ቁጥር ይያዝ፤ ቁጥሩም መጀመሪያ የተረከበውን ድርጅት ያመልክት። በየርክክቡ ተረካቢው ማሸጊያውን አይቶ፣ መዝኖ፣ ሰዓቱን ጽፎ ይፈርም፤ ከፊርማው በኋላ ኃላፊነቱ የእሱ ነው፣ ለቀጣዩ ማስረከቡን በፊርማ ማሳየት ያልቻለም ካሣውን ይክፈል። የእርስ በርስ ዕዳችንን በየወሩ መጨረሻ አቻችለን ልዩነቱን ብቻ እንክፈል። ስለ መድንና ስለ ሥልጠና በቡድን መነጋገር ይቻላል።

የርክክብ ደንቡ ረቂቅ ዛሬ ይቀርብላችኋል። የደንበኞቻችንን ዝርዝር ለማንም አሳልፎ የሚሰጥ አንድ አንቀጽ ከገባበት ግን፣ ማንም ያርቅቀው ማን፣ እኔ አልፈርምም!