የአባዬ ሰዓት እና በሰከንድ አንዴ የሚመጣው ምት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከጎኔ የጫማ ካርቶን የምታክል ሳጥን ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት በየሰከንዱ ብልጭ ትላለች። ሰከንድን በልኩ እንድትቆጥር የሠራኋት ሰዓት ናት፤ ስለሷ ነው የማጫውታችሁ።

መጀመሪያ ግን ደሴ ልውሰዳችሁ። አባዬ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ሳሎናችን ውስጥ ባለ ፔንዱለም የግድግዳ ሰዓት ነበረን። ማታ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል አባዬ ሬዲዮኑን ቢቢሲ ላይ ያደርጋል። ከዜናው በፊት አምስት አጫጭር ጢት ጢት ይሰማል፤ ስድስተኛዋ ረዘም ትላለች። ልኩ ሰዓት ያቺ የመጨረሻዋ ድምፅ የምትጀምርበት ቅጽበት ነው። አባዬ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል ይጠብቃታል።

ታዲያ ሰዓቱን አይነካውም። ደብተር ያወጣና ይጽፋል። ዛሬ 4 ሰከንድ ቀደመ። በማግስቱ 9። ከዚያ 12። እሁድ ሲሆን መስታወቱን ይከፍትና ከፔንዱለሙ ሥር ያለችውን ዳዶ በሁለት ጣቱ ትንሽ ያላላታል። ፔንዱለሙ ዝቅ ሲል ሰዓቱ ይዘገያል። «ለምን ዕለቱን አታስተካክለውም?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «በአንድ ቀን አይፈረድበትም። ሬዲዮኑም ይንኮሻኮሻል፣ የኔም ዓይን ይሳሳታል» አለኝ።

አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እንጀራዬ የሞባይል ማማዎች ጥገና ነው። ሳጥኗን ግን ለራሴ ነው የሠራኋት፣ ማታ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ።

ውስጧ የኳርትዝ ክሪስታል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በእኩል ፍጥነት የሚርገበገብ ድንጋይ ማለት ነው። ከ70 ዲግሪ በላይ በምትሞቅ ትንሽ የብረት ቤት ውስጥ ታሽጎ፣ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ዑደት ይሰጣል። ለአጭር ጊዜ ያየው ሰው ፍጹም ነው ይላል። ሞገዱ አይንቀጠቀጥም። ግን ያረጃል። በቀናት በሳምንታት ቀስ እያለ ከመንገዱ ይወጣል፣ መውጣቱንም ራሱ አያውቅም።

በሌላ በኩል የጂፒኤስ ሪሲቨሩ፣ ማለትም የሳተላይቶቹን ምልክት የሚቀበለው መሣሪያ አለ። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የአቶሚክ ሰዓት ተሸክመው ይዞራሉ። ሪሲቨሩ ከነሱ በሚሰማው ተነስቶ በየሰከንዱ አንድ ምት ያወጣል። የዚህ ምት ጠባይ የክሪስታሉ ተቃራኒ ነው። እያንዳንዷ ምት በጥቂት አስር ናኖ ሰከንድ (ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው) ወዲህ ወዲያ ትላለች። ትንሽ ትቀድማለች፣ ትንሽ ትዘገያለች። ዓመት ሙሉ ብትከታተሉት ግን ስህተቱ አይጠራቀምም።

እንግዲህ ሥራው ሁለቱን ማጋባት ነው። ሳጥኗ በምቶቹ መካከል የክሪስታሉን ዑደቶች ትቆጥራለች። ልክ 10 ሚሊዮን መሆን አለባቸው። አንድ ዑደት 100 ናኖ ሰከንድ ነው። አንድ ሰከንድ ብቻ ከቆጠራችሁ፣ ከአንድ ዑደት ያነሰ ልዩነት አይታያችሁም። 1,000 ሰከንድ ከቆጠራችሁ ግን ያቺው አንድ ዑደት ከ10 ቢሊዮን አንዷ ትሆናለች። መሣሪያው ያው ነው፤ የጨመራችሁት ትዕግሥት ብቻ ነው። ይሄ ነገር ዛሬም ያስደንቀኛል። ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ ክሪስታሉ የሚገፋው በትንሽ ቮልቴጅ ነው። ቮልቴጁ የአባዬ ዳዶ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሠራኋት ግን አልሆነችም። ቸኩዬ ነበር። በየጥቂት ሰከንዱ እንድታስተካክል አዘዝኳት። ኦሲሎስኮፕ በሚባለው፣ ሞገድን በስክሪን በሚያሳይ መሣሪያ ላይ ከሌላ ጥሩ ክሪስታል ጋር ጎን ለጎን ሳያት ሞገዷ ይወዛወዛል። ሳይነካ ጸጥ ብሎ የነበረው ክሪስታል እኔ ካረምኩት በኋላ ባሰበት! ሁለት ሌሊት ሽቦ ስፈትሽ አደርኩ። ሽቦው ደህና ነበር። ክሪስታሉ የእያንዳንዷን ምት መንቀጥቀጥ እየተከተለ ነበር። ያኔ ነው ደብተሩ ትዝ ያለኝ። የማስተካከያውን ጊዜ ወደ ግማሽ ሰዓት ገደማ አረዘምኩት። ሞገዱ ረጋ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ቮልቴጁ በግራፍ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ በእኩል ልዩነት። ለካስ የቤቱ ማሞቂያ በተነሳ ቁጥር ነው። የሚነፍሰው አየር ቀጥታ ሳጥኗ ላይ ነበር። በስፖንጅ ጠቀለልኳትና ጥግ አስቀመጥኳት። በቃ፣ ተወው።

ይሄ ሁሉ ለምን? ብዙዎቹ የዛሬ የሞባይል ኔትወርኮች በአንድ ሞገድ ተራ በተራ ይናገራሉ፣ ያዳምጣሉ። አንዱ ማማ ጎረቤቱ በሚያዳምጥበት ሰዓት ከተናገረ ድምፁ ያፍነዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማማ ከጋራው ሰዓት ከ1.5 ማይክሮ ሰከንድ (ከሰከንድ ሚሊዮንኛ አንድ ተኩል) በላይ እንዳይርቅ ይጠበቃል። ስልካችሁ ላይ የእናታችሁ ድምፅ ሳይቆራረጥ የሚመጣው እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ነው። ደንበኛ አያየውም። እኔ ግን ይሄን ሥራ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው።

አባዬ ከሬዲዮ የሰማውን ወዲያው አለማመኑም ልክ ነበር፤ ከሰማይ የሚመጣውም ይሳሳታል። በጥር 2016፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አንድ ያረጀ የጂፒኤስ ሳተላይት ከአገልግሎት ሲወጣ የምድር ሶፍትዌሩ ችግር ገጠመው። ከዚያ የተነሳ አንዳንድ ሳተላይቶች 13 ማይክሮ ሰከንድ የተሳሳተ የሰዓት ማስተካከያ ለሰዓታት አሰራጩ። መኪና ውስጥ መንገድ የሚያሳዩት መሣሪያዎች ምንም አልሆኑም። የሰዓት መሣሪያዎች ግን በብዙ አገር የማስጠንቀቂያ ደወል አሰሙ። የሰሙትን ወዲያው ያመኑት ዘለሉ። ጥሩ ክሪስታል ይዘው «ቆይ እስቲ» ያሉት እንዳሉ ቆዩ።

ባለፈው ዓርብ ማታ አንድ ነገር ሞከርኩ። ሳጥኗ 11 ቀን ሙሉ ምቱን ስትከተል ከቆየች በኋላ አንቴናውን ነቀልኩት። ከሰማይ ምንም አትሰማም። በተማረችው ብቻ ትሂድ ብዬ ተውኳት። ቅዳሜ በዚያው ሰዓት መልሼ ሰካሁና ልዩነቱን አነበብኩ። በ24 ሰዓት 7 ማይክሮ ሰከንድ ቀድማለች። ለማማ አይበቃም፣ ብዙ ይቀራታል። ለኩሽና ጠረጴዛ ሥራ ግን ደስ ብሎኛል።

የአባዬ ደብተር እኔ ጋ ነው። ለቀብር የሄድኩ ጊዜ ይዤው መጣሁ። የመጨረሻው መስመር «ሐሙስ፣ 2 ሰከንድ ዘገየ» ይላል። ከሥሩ ባዶ ቦታ ስላለ ቅዳሜ የእኔን ጻፍኩበት። ዳዶዋን አልነካሁም። እሁድ አልደረሰም ነበር።