ከኋላ ያለው የት ደረሰ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው። የጎንደር ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማይክራፎን አያስጠቅምም፣ እንግዲህ ቻሉት።

የማወራው ስለ ብስክሌት ውድድር ነው፤ በተለይ ስለ ተራራው ቀን። "እኛና ብስክሌት ምን አገናኘን?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ እዚህ ከተማ ስፖርት ማለት ፋሲል ከነማ ነው። አፄዎቹ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲወስዱ የነበረውን ጭፈራ ያየ ሰው፣ ሌላ ስፖርት አለ ቢሉት አያምንም። ከፋሲል ቀጥሎ አርሴናልና ማንቼ ናቸው። ሳይክል ልጅ እያለን በሰዓት ተከራይተን የምንነዳው ነገር ነው፣ አለቀ።

በፈረንጆቹ 2024፣ በኛ 2016 ሐምሌ ላይ ግን ነገሮች ተገጣጠሙ። ዩሮው አልቋል። ፕሪሚየር ሊጉ አልጀመረም። የፓሪሱ ኦሊምፒክ ገና ነው። ፒያሳ አካባቢ ዲኤስቲቪ ያላት አንዲት ሻይ ቤት አለች፣ ዝናብ ሲይዘን የምንጠለልባት። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታይ ኳስ የለም። ባለቤቷ እትዬ ሪሞቱን እየነካኩ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ቆሙ፤ ሦስት ሳምንት የሚፈጀው፣ በየቀኑ የዕለት አሸናፊ ያለው የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር ነው። "ይሄ ያ የአስመራው ልጅ ያለበት አይደለም?" አሉ። በቃ፣ ያን ሳምንት ሙሉ እዚያው ቀረን።

የአስመራው ልጅ ቢኒያም ግርማይ ነው። በዚያ ቱር ሦስት ጊዜ አሸንፏል፤ መጀመሪያ ቶሪኖ ላይ፣ ከዚያ ኮሎምቤ ሌ ዶ ዜግሊዝ፣ ከዚያ ቪልኖቭ ሱር ሎት። ቱር ደ ፍራንስ ላይ አንድ ቀን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ እሱ ነው። አረንጓዴውን ማሊያም ለብሷል፣ ይህ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠው ነው። ፖለቲካው ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያች ሻይ ቤት ውስጥ ግን ልጁ የሁላችንም ሆኖ ነበር። አንዱ ባጃጅ ነጂ እንዲያውም በእናቱ በኩል ዘመዱ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም።

ለነገሩ የራሳችንም ሰው አለን። የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ስሙን ስጠራው ከጠረጴዛው ዙሪያ አንድም ሰው አላወቀውም። ይሄ አሁንም ያናድደኛል፣ ግን ልለፈው።

ወደ ተራራው ልምጣ። ዕለቱ አርብ ነበር፣ ሐምሌ 12። ከኢምብሩን ተነስተው ኢዞላ 2000 የሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ድረስ፣ 144 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል። መሀል ላይ ቦኔት የሚባል ተራራ አለ፣ 2,802 ሜትር። የዚያ ዓመት ቱር ከዚያ በላይ አልወጣም። ደባርቅ ከተማ የቆመችው እዚሁ ከፍታ አካባቢ ነው። ኮሜንታተሩ "አየሩ ሳስቷል፣ ኦክስጅን የለም" እያለ ሲጨነቅ ሻይ ቤቱ በሳቅ ሞተ። ፈረንጆቹ ከሚያመልኳቸው ተራሮች አንዱ ቱርማሌ ነው፣ 2,115 ሜትር። እኛ ፒያሳ ተቀምጠን ማኪያቶ የምንጠጣው እዚያው ቁመት ላይ ነው።

ከፊት ማቴዎ ጆርገንሰን የሚባል አሜሪካዊ አምልጦ ብቻውን ይወጣ ነበር። አፉን ከፍቶ፣ ትከሻው ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ። ከኋላው ስሎቬኒያዊው ታዴ ፖጋቻር ተነሳ፣ በጠቅላላ ሰዓት የሚመራው፣ ቢጫ ማሊያ ለባሹ። ማሊያውን ማንም ሊነጥቀው አይችልም፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ግን መጣ። ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሲቀር ደረሰበት፣ ዞር ብሎም አላየውም፣ አለፈው።

ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። "ምን አለ ይቺን እንኳ ቢተውለት! ጥጋብ ነው ይሄ!" አለ አንዱ። "ሥራው ነው፣ ምን ይሁን?" አለ ሌላው። ባጃጅ ነጂው ደግሞ "እኔ ሞተር ሳይኖረው አይቀርም ባይ ነኝ" አለና ሁሉም ሳቀበት። ቀልዱ ግን ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በፈረንጆቹ 2016 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በነሱ ናቸው) የሳይክሎክሮስ፣ ማለትም በጭቃና በሣር ላይ የሚደረገው የብስክሌት ውድድር፣ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ብስክሌት ውስጥ የተደበቀ ሞተር ተይዟል። አሁን ብስክሌቶቹን በኤክስሬይ ጭምር የሚመረምሩት ለዚህ ነው። የላንስ አርምስትሮንግ ሰባት የቱር ድሎች በአበረታች መድኃኒት ምክንያት በ2012 ከተሰረዙ ወዲህ፣ ተራራ ላይ ከሌላው ተለይቶ የፈጠነ ሰው ሁሉ ጥያቄ ይከተለዋል። ስለ ፖጋቻር ምንም የተገኘ ነገር የለም። ጥያቄው ግን ይከተላል፤ የስፖርቱ ዕዳ ነው።

ስለ መተዉ ግን እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ተለቅቆልህ ያሸነፍከውን ተራራ እንዴት ታወራዋለህ? ጆርገንሰን ሁለተኛ ወጣ፣ የኔ የሚለው ሁለተኛነት ነው። ፖጋቻር በዚያ ቱር በጠቅላላው ስድስት ቀን አሸንፏል። አሰልቺ ነው ካላችሁኝ አልከራከርም።

ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ሲደራ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፣ ሊማሊሞን ዕድሜ ልካቸውን የተመላለሱ። ጣሊያን በ1930ዎቹ ገደሉን ፈልፍሎ የሠራውን መንገድ፣ እጥፋት በእጥፋት ያውቁታል። ውድድሩን ሲያዩ ቀኝ እጃቸው ዝም አይልም። ዳገቱ ሲቆም ጉልበታቸው አጠገብ አየሩን ይዘው ወደ ታች ይጎትቱታል። ማርሽ እየቀየሩ ነው! አንዱ ጋላቢ ከባድ ማርሽ ላይ ሲቆይ "አቃጠለው፣ አቃጠለው" ይላሉ። ፖጋቻር ሲያሸንፍ ግን አልጮኹም። እኛ ጮኸን ጨርሰን ስንቀመጥ፣ "ጎሽ። ከኋላ ያለውስ የት ደረሰ?" አሉ።

"ጋሼ፣ አለቀ እኮ" አልኳቸው።

"ምኑ ነው ያለቀው? ልጁ መች ገባ?"

ድሮ በኮንቮይ ሲሄዱ፣ ደባርቅ ቀድሞ የወጣ ሾፌር ሻይ አዝዞ መቀመጥ እንጂ መሄድ አይፈቀድለትም ነበር አሉ። የመጨረሻው መኪና ካልመጣ ዳገቱ አላለቀም። ለሳቸው የተራራው ቀን ይሄው ነበር።

እሳቸው ያላወቁት፣ ደንቡም እንደዚያ ነው። ቱር ላይ የሰዓት ገደብ አለ። አሸናፊው የፈጀው ጊዜ ላይ የተወሰነ መቶኛ ይጨመርና፣ ከዚያ በኋላ የገባ ሰው ተሰናባች ነው። ለምሳሌ አሸናፊው 4 ሰዓት ቢፈጅበትና የቀኑ መቶኛ 15 ቢሆን፣ የመጨረሻው ሰው 36 ደቂቃ አለው። መቶኛው እንደ ቀኑ ክብደትና እንደ ፍጥነቱ ይሰፋል፣ ይጠባል። ትንሽ ማካካሻ አለው ለማለት ነው። ግን መነሻው አሸናፊው ነው። እናንተ "ሂድ! በለው!" የምትሉት ሰው ዳገቱ ላይ በተወነጨፈ ቁጥር፣ ከኋላ ያሉት ሰዓት እየሄደባቸው ነው።

ከኋላ ያሉት ደግሞ ሰነፎች አይደሉም። ሜዳ ላይ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበሩት ስፕሪንተሮች ናቸው። ተራራ ሲመጣ ተሰብስበው አንድ ቡድን ይሠራሉ፣ ግሩፔቶ ይሉታል። ማንም ማንንም አያጠቃም። ሰዓት እያሰሉ፣ ዳገቱን በልክ፣ ቁልቁለቱን በድፍረት ይሄዳሉ። ሁልጊዜ አይሳካም። በ2018 ማርክ ካቨንዲሽና ማርሴል ኪትል ላ ሮዚዬር ላይ ከገደቡ ውጪ ደርሰው ከውድድሩ ወጥተዋል። ሁለቱም የዘመናቸው ፈጣኖች ናቸው። ካቨንዲሽ በዚሁ በ2024 ነበር 35ኛ ድሉን አግኝቶ የቱሩን ሪከርድ ብቻውን የያዘው፣ ያኔም ተራራው ሲመጣ ከኋላ ነበር።

ቢኒያምም እዚያው ነው። ያውም ማክሰኞ ኒም መግቢያ ላይ ወድቆ፣ ተጎድቶ። ነጥቡ ይበቃዋል፣ ግን አረንጓዴውን ማሊያ ውድድሩ የሚያልቅባት ኒስ ላይ ለመልበስ መጀመሪያ ኒስ መድረስ አለበት። በአንድ ደቂቃ ቢዘገይ ሦስቱ ድል ይቀርለታል፣ ማሊያው ግን ይሄዳል።

አሁን ሻይ ቤቱን ከሁሉ በላይ ያጨቃጨቀው ነገር ተነሳ። "ቆይ ቆይ" አለ ባጃጅ ነጂው፣ "የአስመራ ልጅ አይደለም እንዴ? ደገኛ ሆኖ ዳገት የማይወጣ?" ጥያቄው ቀላል አይደለም። አስመራ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቱርማሌን ቁልቁል ታየዋለች። ታዲያ እንዴት ስሎቬኒያዊ ይበልጠዋል?

ለማስረዳት ሞከርኩ። ከፍታ ላይ ማደግ ደሙን ይጠቅመዋል። ዳገት ግን ሌላ ሚዛን አለው። የሚጠይቅህ እግርህ ስንት ጉልበት አለው ብሎ ብቻ አይደለም፣ ያንን ጉልበት ለኪሎህ አካፍሎ ነው። ተራራ በመውጣት የታወቀው ዴንማርካዊ ዮናስ ቪንገጎር 60 ኪሎ አካባቢ ነው። ቢኒያም ከሱ በአሥር ኪሎ ገደማ ይበልጣል። ያ ተጨማሪ ጡንቻ የመጨረሻዎቹ 200 ሜትሮች ላይ ያሸንፍለታል። ተራራ ላይ ያንኑ ጡንቻ ለአንድ ሰዓት ተሸክሞ ይወጣል። አጭርና ቀለል ያለ ዳገት ቢሆን ችግር የለበትም፤ ኮሎምቤ ላይ ያሸነፈው ሽቅብ የሚያልቅ መንገድ ላይ ነው።

ባጃጅ ነጂው አልተዋጠለትም። ጋሼ ግን ወዲያው ገባቸው። "ጭነት ነው" አሉ። "ባዶውን የሚበር መኪና ሲጫን ሌላ ነው።" ከኔ ሁለት ደቂቃ ንግግር የሳቸው ጥቂት ቃል በለጠ።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም የኋላውን ጠበቅን። ችግሩ፣ ቴሌቪዥኑ አይጠብቅም። አሸናፊው ሲገባ ካሜራው ወደ እሱ፣ ከዚያ ወደ ቃለ መጠይቁ፣ ከዚያ ወደ መድረኩ ይዞራል። ግሩፔቶውን እግረ መንገዱን ለሰከንዶች ያሳይሃል። አረንጓዴ ማሊያ ፍለጋ አሥር ሰው ስክሪን ላይ ተጣበቀ። "ያውና! ያውና!" "አይደለም፣ እሱ ሌላ ነው።" ዝናቡ ሲጠነክር ደግሞ ምስሉ ራሱ ጠፋ፣ ዲሹን ታውቁታላችሁ። መግባቱን ያወቅነው በኋላ ከስልክ ነው። እትዬ እልል አሉ። ለ"ገደቡ ውስጥ ገባ" እልልታ ሲሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

መንገድ ዳር የቆሙት ፈረንጆች ግን ይህን ከኛ በፊት ያውቁታል። ሜዳ ላይ ውድድሩ በሰከንዶች ሽው ብሎ ያልፋል። ተራራ ላይ ይበታተናል፣ እያንዳንዱን ሰው ፊቱን እያየህ ታሳልፈዋለህ። አልፕ ዱዌዝ 21 እጥፋት አለው፣ ሰባተኛው የሆላንዶች ነው ይባላል፤ ቀናት ቀድመው መጥተው ድንኳን ይተክላሉ። ሁሉም ጨዋ ነው አልልም። በ1975 ኤዲ መርክስን ፑይ ደ ዶም ላይ ተመልካች በቡጢ መትቶታል። በ1999 ጁዜፔ ጉዌሪኒን ፎቶ ሊያነሳ መሀል መንገድ የቆመ ሰው ጥሎታል፤ ተነስቶ አሸነፈ እንጂ። በ2024ም ፒሬኔ ላይ ፖጋቻርና ቪንገጎር ላይ የድንች ቺፕስ የበተነ ነበር። እንግዲህ ምን ይባላል፣ ሰው ነው።

ልብ ብላችሁ እዩ ግን፤ ቺፕሱም ቡጢውም ከፊት ላሉት ነው። ለመጨረሻው ሰው ማንም እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም። ለሱ ውሃ ይደፉለታል፣ ስሙን ይጠሩታል፣ ጀርባውን ይገፉታል። መግፋቱ ከተደጋገመ ጋላቢውን ያስቀጣዋል፣ እነሱ ግን አያስችላቸውም። እዚህ እኛ ጋ ልጆቹ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጡ የኢሱዙ ጭራ ይዘው አይደል? ፈረንሳይ ያንን ያደረገ በዚያው ቀን ይባረራል። ቪንቼንዞ ኒባሊ፣ ቱሩን ያሸነፈ ሰው፣ በ2015 የስፔን ውድድር ላይ መኪና ይዞ ስለተጎተተ ተባሯል።

ቅዳሜ ሌላ ተራራ ነበር፣ ኩዮል። ፖጋቻር አሸነፈ፣ ማን ሊያሸንፍ ኖሯል? ከኛ ጠረጴዛ ቀና ብሎ ያየውም ጥቂት ነው። ቢኒያም ገባ። እሁድ ኒስ ላይ አረንጓዴውን ለብሶ መድረክ ወጣ፣ ጋሼ ያን ቀን አልነበሩም፣ ለቅሶ ሄደው ነው። ሰኞ ሳገኛቸው የጠየቁኝ ስንተኛ እንደወጣ አልነበረም። "ሁሉም ገቡ?" ነው ያሉኝ። ሁሉም አልገቡም፣ መንገድ ላይ የቀሩ ብዙ ናቸው። በስም ጥራልኝ ብለው አስቸገሩኝ።

እሺ፣ ዝናቡም አባራ መሰለኝ፣ ላብቃ። ደባርቅና ዛሬማ ያላችሁ አድማጮች አንድ ነገር አስቸግራችሁ። ሊማሊሞን ከታች እስከ ላይ በሳይክል የወጣ ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ጠይቃችሁ ድምፅ ላኩልኝ። ጋሼ "የለም፣ ሊኖርም አይችልም" ብለው ቡና አስይዘውኛል። ኢሱዙ ይዞ የወጣ አይቆጠርም። ቸር ሰንብቱ።