«ሦስቴ ነው የማርፈው»፦ የታመሙ ልጆች ሥዕል ምን ይነግረናል?

[ምስል፦ የደብረ ብርሃን ብርዳማ ጠዋት። ጋቢ የተከናነቡ አስታማሚዎች በሆስፒታል ግቢ።]

ከመንዝ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ፣ አልጋ የያዘ የስምንት ዓመት ልጅ አለ እንበል። የልብ ሕመምተኛ ነው። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ደህና»። «ያምሃል?» ሲሉት «አያመኝም»። አመመኝ ካለ መርፌ እንደሚከተል ያውቃል፤ ታዲያ ምን ይበል?

[ምስል፦ ወረቀት ላይ የምትንቀሳቀስ እርሳስ።]

ወረቀት ሲሰጡት ዳገት ይስላል። ዳገቱ አናት ላይ ትምህርት ቤት አለ። ልጆች ወደ ላይ ይሮጣሉ፤ አንዱ ግን ከታች ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ይህን ያየ አዋቂ «ወይኔ፣ ልጁ ተስፋ ቆርጧል» ለማለት ይቸኩላል። ሲስተሯ ግን «ይሄ ማነው የኔ ጌታ?» ትለዋለች።

«እኔ ነኛ። እያረፍኩ ነው። ሦስቴ ነው የማርፈው።»

ሐኪሙ ሲጠይቅ ያላገኘው መልስ ይኸውና! ትንፋሽ የሚያጥረው የት እንደሆነ፣ ስንቴ እንደሚያርፍ፣ ጓደኞቹ ጥለውት እንደሚሄዱ ጭምር። በአገራችን በልጅነት ከሚይዙ የልብ ሕመሞች አንዱ ሩማቲክ የሚባለው ነው። መነሻው በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው፤ እንዳያገረሽ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይሰጣል፣ ለዓመታት። እንዲህ ያለ ልጅ ሥዕል ውስጥ መርፌ ቢደጋገም ምን ይገርማል?

[ምስል፦ በጥቁር እስክሪብቶ የተሳለ ቤት።]

አሁን ጠንቀቅ እንበል። ጥቁር ቀለም ሐዘን ነው፣ ትንሽ ሰው ፍርሃት ነው እያሉ ሥዕልን እንደ ሕልም የሚፈቱ አሉ። እኔ አልስማማም። ልጁ በጥቁር የሳለው ከነርሷ ኪስ የወጣው እስክሪብቶ ጥቁር ስለሆነ ሊሆን ይችላል። እግር የሌለው ሰው የሳለው ወረቀቱ አልቆበት ይሆናል። መስመሩ የተንጋደደው ደግሞ ጉሉኮስ የተሰካው በሚስልበት እጁ ላይ ስለሆነ ነው! (ባለሙያዎች፣ ከተቻለ በሌላኛው እጅ ብታደርጉለት።) ትርጉሙን የሚያውቀው ልጁ ነው። ስለዚህ «ስለ ሥዕልህ ንገረኝ» በሉትና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። እጁ ሥራ ስለያዘ፣ ዓይን ለዓይን መተያየትም ስለሌለ፣ ወሬው ቀስ እያለ ይመጣል።

የሚመጣው ወሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ አዋቂው የፈራው አይደለም። ለጎረቤት አደራ የተሰጠች ግልገል ነች። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ሲጠመቅ የቀዘቀዘው ውሃ ነው። መሬት ላይ አንጥፋ የምታድር እናት ነች።

አንዳንዴ ግን የተፈራው ይመጣል። እኛ ዘንድ ክፉ ዜና ለልጅ አይነገርም፤ ወላጅ ውጭ አልቅሶ ፊቱን ጠርጎ ይገባል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዲት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት የደም ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት ስታጠና፣ ማንም ሳይነግራቸው ስለ ሕመማቸው ክብደት እንደሚያውቁ አየች። ወላጅ እንዳይከፋው ብለው የማያውቁ ይመስላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሥዕሉ ላይ ብቅ ካለ «ተው፣ እንዲህ አይሳልም» አትበሉት። «ቀጥሎስ ምን ሆነ?» ማለት ይበቃል። ያስፈራው ነገር ካለ ለሐኪሙ ንገሩ።

[ምስል፦ ከደስተኛ እስከ የሚያለቅስ፣ ስድስት ፊቶች።]

እ.ኤ.አ. በ1983 የተዘጋጀው ባለ ስድስት ፊት የሕመም መለኪያ አብሮ ቢኖር ጥሩ ነው። እሱ ሕመሙ ምን ያህል እንደሆነ ይለካል፤ የልጁን ውሎ ግን አይናገርም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ ሊሰማ ይገባል ይላል። ሥዕሉም ሐሳቡ ነው። ግድግዳ ላይ ከመለጠፋችሁ፣ ይልቁንም ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ልጁንም ወላጁንም አስፈቅዱ። «ለእማዬ ብቻ ነው» ካለ ወረቀቱን አጥፋችሁ ለእናቱ ስጡ።