ከኮሚክ ሱቅ ወደ ፊልም፦ የማይክ ሪቻርድሰን መንገድ

(ምስል፦ ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ የውስጥ ግድግዳ)

ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ያያል። ግድግዳውንም እዩት። የጌታ ሕማማት፣ የቅዱሳን ገድል፣ አንዱ ትዕይንት ከሌላው ጎን ተስሎ በተራ ይነበባል። በሥዕል ታሪክ መንገር ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። የዛሬ ወጣት ሠዓሊዎች ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይሄ ሥራ እንጀራ ይሆናል ወይ? ሆኖለት ያየነውን አንድ ሰው እንይ።

(ምስል፦ የአሜሪካ ካርታ)

አሜሪካዊው የፊልም ፕሮዲውሰር ማይክ ሪቻርድሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ኦሪገን ውስጥ፣ ቤንድ ከተማ፣ የኮሚክ (ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የሚተርክ መጽሔት) መሸጫ ሱቅ ከፈተ። ሱቅ ውስጥ የሚውል ሰው አንባቢ የቱን እንደሚገዛ፣ የቱን አገላብጦ እንደሚመልስ ያያል። በ1986 ዳርክ ሆርስ የተባለውን የኮሚክ አሳታሚ ድርጅት መሠረተ።

ትልቁ ነገር ውሉ ነው። የድሮውን ልማድ ለማወቅ ሱፐርማን ይበቃል። ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ሱፐርማንን በ1938 በ130 ዶላር ሸጡት። ሌሎች በሱ ሲከብሩ እነሱ በፍርድ ቤት ሲከራከሩ ኖሩ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ዳርክ ሆርስ ግን ፈጣሪዎቹ የሥራቸው ባለቤት ሆነው እንዲቀጥሉ የሚፈቅድ ውል ይዞ መጣ። ሠዓሊው ማይክ ሚኞላ ሄልቦይ የተባለውን ኮሚኩን እዚያ አሳተመ፤ ባለቤትነቱም የራሱ ሆኖ ቀረ።

ድርጅቱ የሌሎችን ታሪክም በፈቃድ ያሳትም ነበር። የስታር ዋርስን ኮሚክ ከ1991 እስከ 2014 ካወጣ በኋላ ፈቃዱ ወደ ሌላው ኮሚክ አሳታሚ፣ ወደ ማርቭል፣ ሄደ። የተከራዩት ታሪክ አንድ ቀን ይመለሳል።

(ምስል፦ የፊልም ቀረጻ ቦታ)

ወደ ፊልሙ እንምጣ። ፕሮዲውሰር ሲባል ብዙዎቻችን “ብር የሚያወጣው ሰውዬ” እንላለን። ብሩ ከሥራው አንዱ ክፍል ነው። ታሪኩን የሚመርጠው፣ መብቱን የሚዋዋለው፣ ጸሐፊና ዳይሬክተር የሚያገናኘው፣ ሥራው መሀል መንገድ ላይ እንዳይቀር የሚታገለው እሱ ነው። ኮሚክ አሳታሚ ሲሆን ደግሞ አንድ እርምጃ ይቀድማል። ታሪኩ በእጁ አለ፤ ትዕይንቱ ተስሏል፤ አንባቢም ገዝቶ ፈርዶበታል። ይሄ ሁሉ የሆነው ለካሜራ አንድ ብር ሳይወጣ ነው።

የዳርክ ሆርስ ኮሚክ የነበረው “ዘ ማስክ” ጥሩ ምሳሌ ነው። ኮሚኩ ደም የበዛበት፣ ጨለም ያለ ነበር። በ1994 ፊልም ሲሆን ኮሜዲ ሆነ፤ ጂም ካሪ ተወነበት፤ በዓለም ዙሪያ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ለኔ የሪቻርድሰን ድፍረት እዚህ ላይ ይታያል። የመጀመሪያ ሐሳቡ የራሱ ነበር፤ ግን እንዲቀየር ፈቀደ። ሄልቦይ ደግሞ ትዕግሥት ጠይቋል። ፊልሙ በጊየርሞ ዴል ቶሮ ዳይሬክተርነት የወጣው በ2004 ነው፤ ኮሚኩ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በኋላ።

(ምስል፦ ጎንደር ፒያሳ፣ ካፌ)

አሁን ፒያሳ ቡና ይዘን እናውራ። አንድ ሰው ሥዕልህን አይቶ “ይሄን ፊልም እናድርገው፣ በኋላ እንነጋገራለን” ቢልህ ያኔውኑ ተነጋገር። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራህን ገና ስትፈጥረው ይጠብቅልሃል። የገንዘብ ጥቅሙ በሕይወት እስካለህና ካለፍክ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። መብቱን ለሌላ የምታስተላልፈው በጽሑፍ ነው። ወረቀቱ ላይ የምትሰጠው የፊልሙን መብት ብቻ ይሁን ወይስ የመጽሐፉንም፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ፊልሙ ሳይሠራ ቢቀር ታሪኩ መቼ ወዳንተ እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍ።