ለኮራል የሚስማማው የጨው መጠን ስንት ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ! እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ ይዤ የመጣሁት ቤቱ ውስጥ ኮራል የሚባለውን የባህር እንስሳ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ ነው። የአኳሪየማችን ውሃ ምን ያህል ጨው ይኑረው?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። 35 ነው። በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው ማለት ነው። የውሃውን ክብደት አይቶ ጨውን በሚናገረው መሣሪያ፣ በሃይድሮሜትር፣ ለምትለኩ ደግሞ 1.026 አካባቢ፤ ከንጹህ ውሃ 1.026 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው።

"እኛ ቀይ ባህር ዳር፣ እስራኤል ኤላት ያየነው ኮራል ከዚያ በላይ ጨው ውስጥ ነው የሚኖረው" የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። የኤላት ባህር ከ40 ያልፋል። ፀሐዩ ውሃውን ያተነዋል፣ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፣ የሚገባ ወንዝም የለም። የእዚያ ኮራል ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፤ መንቀልም በሕግ ክልክል ነው። ከሱቅ የምንገዛው በብዛት የሚመጣው ከኢንዶኔዥያና ከአውስትራሊያ አካባቢ፣ አለዚያም 35 አካባቢ ውሃ ውስጥ ከሚራባበት ቦታ ነው። የለመደውን ነው መስጠት ያለብን።

ከሜዲትራኒያን በጀሪካን የምትቀዱም እዚህ አላችሁ። የእዚህ የእስራኤል ዳርቻ ውሃ 39 ገደማ ነው። 90 ሊትሩ ላይ 10 ሊትር የተጣራ ንጹህ ውሃ ጨምሩበት፤ 35 ላይ ይመጣላችኋል። ያው ለክታችሁ አረጋግጡ።

ዓሣና ኮራል አንድ አይደሉም። ዓሣ በኩላሊቱና በስንጥቡ የሰውነቱን ጨው ራሱ ይቆጣጠራል። ስለዚህ አንዳንድ ሱቆች ዓሣዎቻቸውን 1.021 ላይ ያቆያሉ፤ ጨውም ይቆጥባሉ። ኮራል እንዲህ ያለ አቅም የለውም። በዙሪያው ያለው ውሃ ሲለወጥ ውስጡም አብሮ ይለወጣል። ሽሪምፕና የባህር ኮከብም እንደዚያው ናቸው። ደግሞም ጨው ሲቀንስ ኮራሉ አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም አብሮ ይቀንሳል።

እኔ ቁጥሩ 34 ወይም 36 ቢሆን አልጨነቅም። የምጨነቀው ዛሬ 33፣ ነገ 37 ሲሆን ነው። ይህን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው።

የመጀመሪያው አኳሪየሜ 100 ሊትር ነበር። በበጋ ኤሲው ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ በየቀኑ 1 ሊትር ያህል ውሃ ይተን ነበር። እኔ ደግሞ "የባህር ውሃ ነው የጎደለው" ብዬ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ እየጨመርኩ እሞላዋለሁ። የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው። ጨው የትም አይሄድም። በየቀኑ 35 ግራም እጨምር ነበር ማለት ነው፤ በ2 ሳምንት 490 ግራም! ውሃው 40 ደረሰ። መስታወቱ ላይ የሳልኩት የማርከር መስመር ጋ ውሃው ሁሌም ልክ ነበር፤ እኔም እሱን እያየሁ ደህና ነው እላለሁ። አንድ ጠዋት ሽሪምፑን ከድንጋዩ ሥር በጎኑ ተጋድሞ አገኘሁት። ኮራሎቹ እንደ ጨበጡት እጅ ተዘግተዋል። ልጄ "ለምንድነው የማይከፈቱት?" ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

የተነነውን በተጣራ ንጹህ ውሃ ብቻ ተኩ። ቢቻል በየቀኑ፣ በትንሽ በትንሹ። ጨው ያለው ውሃ የሚገባው የቆሸሸውን ቀድታችሁ ስታወጡ ብቻ ነው። ከልኩ ከወጣ ደግሞ በአንድ ቀን አትመልሱት። እኔ በቀን ከ1 በላይ አላንቀሳቅሰውም።

አሁን ወደ መለኪያው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሃይድሮሜትር ላይ ቁጥሩን የምትጠቁመውን ክንድ ቀረብ ብላችሁ እዩዋት። አንዲት የአየር አረፋ ከተለጠፈችባት ወደ ላይ ታነሳታለች፤ ጨው የበዛ ይመስላችኋል፣ ውሃ ትጨምራላችሁ፣ ኮራሉ ይጎዳል። መታ መታ አድርጋችሁ አረፋውን አራግፉ። ስትጨርሱም በንጹህ ውሃ እጠቡ፤ የደረቀ ጨው ክንዷን ያከብዳታል።

በጠብታ ውሃ ውስጥ ብርሃን ሲታጠፍ አይቶ ጨውን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር ይሻላል። ግን ብዙዎቻችን በንጹህ ውሃ ዜሮ ላይ አስተካክለን እንተወዋለን። ርካሾቹ በአብዛኛው የተሠሩት ለተራ ጨው ብጥብጥ ነው፣ ለባህር ውሃ አይደለም። ስለዚህ ዜሮ ላይ ልክ የሆነው 35 ላይ ሊስት ይችላል። ጨዋማነቱ 35 መሆኑ በታወቀ ማመሳከሪያ ፈሳሽ ነው ማስተካከል ያለባችሁ።

አዲስ እንስሳ ስታመጡም የከረጢቱን ውሃ ለኩ። ሱቁ 1.021 ከሆነና እናንተ 1.026 ከሆናችሁ፣ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አለማምዱት። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ዓሣውን ለብቻው አቆይታችሁ በቀናት ውስጥ ከፍ አድርጉት። ሽሪምፕ ከሆነ በተለይ አትቸኩሉ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጠርሙስ የ35 ማመሳከሪያ ፈሳሽ አስቀምጫለሁ። መለኪያችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ተሰለፉ፣ አንድ በአንድ እናስተካክላለን። ከቤት ውሃ በጠርሙስ ያመጣችሁም ስጡኝ፣ አብረን እንለካዋለን። አመሰግናለሁ።