መጽሐፉ ከመደርደሪያ ወደ መድረክ ሲወጣ

የተከበራችሁ መጋቢዎች፣ የአጥቢያ ሽማግሌዎች፣ የቤት ኅብረት መሪዎች፣ የሰንበት ትምህርት መምህራን፤ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

የዛሬው ርእሳችን በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ያሉ መጻሕፍት ናቸው፤ ስለ ዓላማ፣ ስለ ራእይ፣ ስለ እምቅ ችሎታ፣ ስለ ትዳርና ስለ ስኬት የሚመክሩ፣ ብዙዎቹ አሜሪካ ተጽፈው ወደ አማርኛ የተመለሱ። አታንብቡ ለማለት አልቆምሁም። እነዚህን አንብቦ ከትዳር ጓደኛው ጋር መነጋገር የጀመረ፣ ዕዳውን ቁጭ ብሎ ያሰላ፣ በማለዳ መጸለይ የለመደ ሰው በየአጥቢያው አለ። ደግሞም ምእመኑ መጽሐፉን ገዝቶ የሚያነበው መድረኩ ያልነካለት ነገር ስላለ ነው። ስለ ንዴት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ዓመቱን ሙሉ ሳይሰበክ ከቀረ፣ መልሱን ሌላ ቦታ ቢፈልግ አይፈረድበትም። የሚያሳስበኝ መጽሐፉ መድረክ ላይ ሲወጣ የሚሆነው ነው። ያን ጊዜ ጥያቄ የማንሣቱ ሥልጣን ከቃሉ እጅ ይወጣል።

የአንድ ምዕራፍ አሠራር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። በአንባቢው ችግር ይጀምራል፤ ትጨነቃለህ፣ ትሰንፋለህ፣ ወደኋላ ቀርተሃል። ከዚያ አንድ ልብ የሚነካ ታሪክ ይመጣል። ከታሪኩ አንድ መርሕ ይወጣል። ለመርሑ ድጋፍ የሚሆን ጥቅስ ይፈለጋል። ሦስት ወይም ሰባት እርምጃዎች ይዘረዘራሉ፤ በመጨረሻም የሚገኘው ውጤት ይነገራል። ለምክር መጽሐፍ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሰባኪው ይህንኑ ቅርጽ ሲይዝ ግን የእግዚአብሔር ቃል አራተኛ ተራ ላይ ተሰልፎ፣ አስቀድሞ ለተወሰነ ሐሳብ ምስክር ሆኖ ይጠራል። የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 መስፈሪያ ስለሚያሳንሱና በሐሰተኛ ሚዛን ስለሚሸጡ ነጋዴዎች ይናገራል። የትኛው ነጋዴ ነው ማለዳ ተነሥቶ “ሚዛኔ ልክ ነው ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ? ይህን የሚጠይቀው ቃሉ ነው። በምእመኑ ጥያቄ ብቻ የሚመራ መድረክ አሞጽን ሊሰብክ አይችልም።

ቅርጹ የመጣበትን ማወቅ ይጠቅማል፤ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ኖርማን ቪንሰንት ፒል በኒው ዮርክ የማርብል ኮሊጂየት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበሩ። ስለ አዎንታዊ አስተሳሰብ ኃይል የጻፉት ዝነኛ መጽሐፍ በ1952 ወጣ። በራስ መተማመን ለጎደለው ሰው ጥቅስ እንደ መድኃኒት ያዝዛል፤ “በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ” የሚለውን በቀን 10 ጊዜ ደጋግመህ በል ይላል። ጳውሎስ ይህን የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው፤ ከፍ ብሎ ባለው ቁጥር መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን እንደተማረ ይናገራል። እችላለሁ ያለው መራብንም ጭምር ነው። ከፊሉ ተቆርጦ ሲወሰድ መራቡ ቀረና መቻሉ ብቻውን ተረፈ።

በ1955 ሮበርት ሹለር ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሬንጅ በሚባል ከተማ፣ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ፊልም በሚያዩበት ሜዳ መስበክ ጀመሩ። በ1980 በመስታወት የተሠራው ግዙፍ ካቴድራላቸው ተከፈተ። በ2010 አገልግሎቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ሕንፃውንም የኦሬንጅ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ገዛው። በዚያው በካሊፎርኒያ፣ በ1980፣ ሪክ ዋረን ሳድልባክ ቤተ ክርስቲያንን ሲጀምሩ ቤት ለቤት እየዞሩ ቤተ ክርስቲያን የማይሄዱ ሰዎችን ለምን እንደማይሄዱ ጠየቁ። ስብከቱ አሰልቺ ነው፣ ከኑሯችን ጋር አይገናኝም፣ ለእንግዳ ፊት አይሰጡም፣ ገንዘብ ይወዳሉ፣ ለልጆቻችን የሚሆን እንክብካቤ የለም የሚሉ መልሶች አገኙ። አሠራራቸውን የቀረጹት ለእነዚያ መልሶች ነው፤ ለአካባቢያቸው የሚገባ ሥራ ነበር። የእኛ ጥፋት ዙረቱን ሳንዞር መልሱን መውሰዳችን ነው። በ1995 ለመሪዎች በጻፉት መጽሐፍ የምእመኑን ዕድገት በቤዝቦል ሜዳ ሥዕል ያስረዳሉ፤ አባልነት፣ ብስለት፣ አገልግሎትና ተልእኮ በአራቱ ማዕዘን ተቀምጠው ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል። ቤዝቦል በማይታወቅበት አገር ያንን ሥዕል ሰሌዳ ላይ መሣል ምን ይጠቅማል? የሠፈራችንን በር አንኳኩተን ብንጠይቅ የሚነገረን ሌላ ነው።

በ2002 የወጣውን “ዓላማ መር ሕይወት” ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለእውነት ስንል፣ መጽሐፉ የሚጀምረው ነገሩ ስለ አንተ አይደለም ብሎ ነው፤ በዚህ ከብዙዎቹ ይለያል። 40 ምዕራፍ ለ40 ቀን ይነበባል። ቤተ ክርስቲያን በዘመቻ መልክ ስታካሂደው የእሑዱ ስብከት፣ የሳምንቱ የቡድን ጥናት፣ የዕለቱ ንባብና በቃል የሚያዘው ጥቅስ በአንድ ርእስ ይያያዛሉ። ይህ ቅንጅት በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ችግሩ የሚመጣው በ41ኛው ቀን ነው። የቡድን መሪው የታተሙ ጥያቄዎችን ማንበብ እንጂ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ገልጦ ጥያቄ ማውጣት አልተማረም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ቀጣዩ መጽሐፍ የቱ ነው?” ብሎ ነው። ቀጣይ ካልተገኘ ቡድኑ ይበተናል።

አሁን ወደ ትርጉም ጉዳይ ልግባ፤ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ምክንያቱም የእኛው የአማርኛ አንባቢዎች የተለየ ፈተና ነው። ዋረን በዚህ መጽሐፍ 15 የእንግሊዝኛ ትርጉሞችን ይጠቅሳሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በነጻ አባባል የተጻፉ ናቸው። አንድ ነጥብ የቆመው በአንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም ቃል ላይ ከሆነ፣ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ሁለት መንገድ ብቻ አለው። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ቢያስገባ ነጥቡ የቆመበት ቃል እዚያ የለም። እንግሊዝኛውን በቀጥታ ቢመልስ ምእመኑ መጽሐፍ ቅዱሱን ሲገልጥ ጥቅሱን አያገኘውም። በሁለቱም መንገድ አንባቢው ሳያውቅ የሚማረው፣ ምክሩ ከቃሉ ይልቅ ግልጽ ነው የሚል ነው።

ምሳሌ 29፥18ን እንውሰድ። በአመራር ስብሰባ ሁሉ “ራእይ የሌለው ሕዝብ ይጠፋል” ሲባል እንሰማለን። ይህ የአሮጌው እንግሊዝኛ ትርጉም አነጋገር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን “ራእይ ባይኖር ሕዝብ መረን ይሆናል፤ ሕግን የሚጠብቅ ግን የተመሰገነ ነው” ይላል። ዕብራይስጡም ወደዚሁ ያዘነብላል፤ ልጓም እንደተፈታለት መሆን ነው። ራእይ ከሕግ ጎን መቀመጡን ልብ በሉ። የሚናገረው እግዚአብሔር በነቢያት ስለሚገልጠው ቃል እንጂ መሪው ስለሚነድፈው የአምስት ዓመት ዕቅድ አይደለም። ዕቅድ ይኑራችሁ፤ ነገር ግን ይህን ጥቅስ አትጥሩለት። የሚያሳዝነው፣ ትክክለኛው በእጃችን እያለ የሌላውን መዋሳችን ነው።

ሌላው ኤርምያስ 29፥11 ነው። በእንግሊዝኛ “አንተ” እና “እናንተ” በአንድ ቃል ይነገራሉ፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ጸሐፊ ለአንድ አንባቢ የተነገረ አድርጎ ሊያቀርበው ይቀለዋል። የእኛ ቋንቋ ግን አያሳስትም፤ “ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ” ነው የሚለው። ወደ ባቢሎን ለተማረከ ሕዝብ የተላከ ደብዳቤ ነው። ቁጥር 5 ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ ይላል፣ ቁጥር 7 ለተማረካችሁባት ከተማ ጸልዩ ይላል፣ ቁጥር 10 ሰባ ዓመት ይላል። ደብዳቤው ሲነበብ አዋቂ የነበሩት አብዛኞቹ መመለሱን አላዩም። እንግሊዝኛው በአንዳንድ ትርጉም “ላበለጽጋችሁ” የሚል ሲሆን የእኛው “የሰላም አሳብ” ይላል፤ ዕብራይስጡም ሻሎም ነው። በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዋሽንግተን ለሚሰበሰቡ አጥቢያዎች ይህ ደብዳቤ ከቁጥር 1 ጀምሮ ቢነበብ፣ ከአንድ ጥቅስ የማይገኝ ስንቅ አለው።

የያቤጽ ጸሎት ነገርም እንዲሁ ነው። በ1ኛ ዜና መዋዕል 4፥9-10፣ በይሁዳ የትውልድ ሐረግ መካከል፣ ያቤጽ እግዚአብሔር እንዲባርከውና ዳርቻውን እንዲያሰፋለት የለመነበት፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ብሩስ ዊልኪንሰን በ2000 ያሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ ጸሎቱን በየዕለቱ እንድንጸልየው መከረን፤ በሚሊዮኖችም ተሸጠ። ጸሎቱ መልካም ነው። ነገር ግን የዜና መዋዕል ጸሐፊ እግዚአብሔር ለዚያ ሰው ያደረገውን ይተርካል፤ ለሚደጋግመው ሁሉ የተሰጠ ተስፋ ነው አላለም። ዊልኪንሰን በኋላ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ሄደው በስዋዚላንድ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ትልቅ ዕቅድ ጀመሩ። አልሆነም፤ በ2005 ከሥራው ወጡ። ይህን የማነሣው ለነቀፋ አይደለም፤ ለድኻ ልጅ የሚደክም ሰው ክብር ይገባዋል። ነገር ግን በጸሎት የታመነ፣ ዳርቻው ግን ያልሰፋለት ሰው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በየአጥቢያችን ይህ ሰው አለ። ሰባቱን እርምጃ ፈጽሟል፣ ይሆንልኛል ብሎ አውጇል፣ ሥራው ግን አልተገኘም፣ ልጁ ግን አልዳነም። የቀረው ወይ “እምነቴ ደካማ ነው” ማለት ነው ወይ “እግዚአብሔር ዋሸኝ” ማለት። ሁለቱንም ለማንም አይናገርም፤ ቀስ ብሎ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ ከዚያም ይቀራል። የምስክርነት ሰዓታችን ይህን ያባብሳል፤ መድረክ የምንሰጠው ነገሩ ለተፈጸመለት ብቻ ነውና። “ከፍታ”፣ “ቀጣዩ ምዕራፍ”፣ “የእኔ ዘመን” የሚሉ ቃላት ጸሎታችንን ሞልተውታል። ከ150ው መዝሙራት ሲሶ ያህሉ ልቅሶና አቤቱታ ሆኖ ሳለ፣ እኛ እሑድ ስንቱን እናነባለን? ልቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥን እናቶቻችን ያውቁ ነበር። አሁን ኀዘንተኛ አጠገብ ተቀምጦ “በጎ በጎውን ተናገሪ” የሚል ወንድም እየበዛ ነው።

ምን እናድርግ? ሽማግሌዎች አንድ ሩብ ዓመት፣ ማለትም 13 እሑድ ይመዝግቡ። በአንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ይሠመር፦ የተነበበው ክፍል፣ የቁጥሮቹ ብዛት፣ የስብከቱ ዋና ሐሳብ፣ ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ። ከዚያ ክፍሉን በእጃችሁ ሸፍኑት። የስብከቱ አካሄድ ያለ እርሱ መቆም ከቻለ፣ ክፍሉ ጌጥ ነበር ማለት ነው። ወረቀቱ ሰባኪውን ለመክሰስ አይውጣ፤ ሰባኪው ራሱ ቢሞላው ይሻላል።

ሰባኪዎች፣ የምትሰብኩትን ክፍል ከአንድ ወር በፊት ምረጡ። የምክር መጽሐፉ ሐሙስ ይከፈት እንጂ ሰኞ አይከፈት፤ የራሳችሁ አካሄድ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ማለቴ ነው። ከመጽሐፉ ከወሰዳችሁ የጸሐፊውን ስም ከመድረክ ጥሩ። ምእመኑ የትኛው የቃሉ ድምፅ፣ የትኛው የሰው ምክር እንደሆነ መለየት የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

የቤት ኅብረት ለምትመሩ፣ 90 ደቂቃ ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን 40 ደቂቃ መጽሐፉ ተዘግቶ ለቃሉ ስጡ፤ 30 ደቂቃ ለምዕራፉ፣ 20 ለጸሎት። ከምዕራፉ ጥቅሶች ሁለት ብቻ ምረጡ። ከላይና ከታች 10 ቁጥር ጨምራችሁ በሁለት የአማርኛ ትርጉም አንብቡ። ማን ለማን ተናገረ? “አንተ” ነው ወይስ “እናንተ”? መቼ? በመጨረሻ ሦስት መልስ ይኖራችኋል፤ ምክሩ በዚህ ክፍል ይቆማል፣ ይቆማል ግን በሌላ ክፍል፣ ወይም አይቆምም። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው ጥቅሱን ሁሉ ለመመርመር መሞከር ነው፤ ሰዓቱ ያልቅና ጸሎቱ ይቀራል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ቡድኑ መጽሐፉን በሚወድ ሰው ላይ ችሎት ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ እርሱ ይናገር፤ ምን እንደጠቀመው ያስረዳ። ብዙ ጊዜ የጠቀመው ነገር ከጥቅሱ አጠቃቀም ስሕተት ጋር አይያያዝም።

የቀረው የምስክርነት ሰዓት ነው። በወር አንድ እሑድ አምስት ደቂቃ ነገሩ ገና ላልተፈጸመለት ሰው ይሰጥ። ቀድሞ በግል ይጠየቅ፣ ፈቃዱ ይሁን፣ የበሽታውንና የቤቱን ዝርዝር እንዲናገር አይገደድ። ከተናገረ በኋላ የፈንጠዝያ መዝሙር አይከተል፤ ማንም ተነሥቶ ነገሩን በአዋጅ አይዝጋው። አንድ ሰው መዝሙር 88ን ቀስ ብሎ ያንብብ። መዝሙሩ መልስ ሳይመጣ፣ ወዳጅና ባልንጀራ እንደራቁ ነው የሚያልቀው። አንባቢው እዚያው ላይ ያቁም፤ ጉባኤውም ከዚያ ሰው ጋር ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጥ።